የእንቁላሉን ገጽ የጻፉት የማክ ሎንግ ሙርታሲያ ዕረፍት

ከእንጋንግ የልጆች የሳይንስ መጻሕፍት ማኅበር፣ ፖንቲያናክ

ለማኅበሩ አባላትና ሠራተኞች፣ ለአንባቢ ልጆችና ለወላጆቻቸው፣ ለከተማችን ሕዝብ በሙሉ

የማኅበራችን መሥራች፣ የልጆች የሳይንስ መጻሕፍት ደራሲና መምህርት ዳያንግ ሙርታሲያ ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ እ.ኤ.አ. ሜይ 13 ቀን 2025 ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ፣ በካፑዋስ ወንዝ ላይ በእንጨት ምሰሶ በቆመው የትውልድ ቤታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። ሥርዓተ ቀብራቸው በዚያው ዕለት ከቀትር በፊት ተፈጽሟል። ማኅበሩ ጥልቅ ሐዘን ተሰምቶታል። ይህ ቃል በየመግለጫው ከመጻፉ ብዛት ክብደቱ ቀሎ ካልሆነ በስተቀር፣ እኛ አሁን ያለነው ልክ እንደዚያ ነው።

የከተማችን ልጆች «ማክ ሎንግ» ይሏቸዋል፤ ታላቋ አክስታችን እንደማለት ነው። እኛም ከዚህ በታች እንዲሁ እንጠራቸዋለን። በሙሉ ስማቸው የጠራቸው ሰው ሲኖር ዞር ብለው «ምነው፣ ፖሊስ መጣ እንዴ?» ይሉ ነበርና፣ ዛሬም ባናስደነግጣቸው ይሻላል።

ሐዘኑ ሳይወጣልን መልስ የሚጠብቅብን ጉዳይም አለ። አባላት እንደምታውቁት፣ «ጥላ የሌለበት ቀን» የተባለው የማክ ሎንግ መጽሐፍ በክፍለ ሀገሩ ትምህርት ቤቶች ሁሉ እንዲሰራጭ ተፈቅዷል፤ ነገር ግን የትምህርት ቤት መጻሕፍት መራጮች የእንቁላሉ ገጽ እንዲወጣ ጠይቀዋል። መልስ የምንሰጠው በመጪው ሰኞ ነው። ማክ ሎንግ በሕይወት ሳሉ መልሱ የእርሳቸው ነበር፤ አሁን የእኛ ሆኗል። ማኅበሩ የደረሰበትን ውሳኔ በዚሁ መግለጫ መጨረሻ ላይ ያሳውቃል። የሐዘን መግለጫ ላይ እንቁላል አይገባም ያላችሁን አባሎቻችን ይቅርታ አድርጉልን፤ እዚህኛው ላይ ይገባል።

ማክ ሎንግ ከወንዝ ጀልባ ነጂ አባታቸውና ከሸማኔ እናታቸው እ.ኤ.አ. በ1951 ተወለዱ።

በ1972 የመጀመሪያ ደረጃ መምህርት ሆነው ተቀጠሩ። በክፍላቸው የነበረው የሳይንስ መጽሐፍ አንድ ብቻ ሲሆን፣ እሱም ከሩቅ አገር ተገልብጦ የመጣ፣ በረዶና ጥድ የሞላበት ነበር። «ሲመሽ ወደ ውጭ ውጡና የሰሜንን ኮከብ ፈልጉ» ይላል። ከተማችን የምድር ወገብ ላይ ናትና በእኛ ሰማይ ያ ኮከብ ከአድማሱ ጋር ተጣብቆ ጫካው የሚውጠው ነው፤ አይቼዋለሁ የሚል ሰው እስካሁን አልገጠመንም። ተማሪዎቹ ግን መጽሐፍ ይዋሻል ብለው ስላላሰቡ፣ ጥፋቱ የዓይናችን ነው እያሉ ሲፈልጉ ከረሙ። ማክ ሎንግ መጽሐፉን ዘግተው «ይሄ ሰውዬ እኛን አያውቀንም» አሉ። የሥራቸው ሁሉ መነሻ ይህች አነጋገር ናት ብንል ማጋነን አይሆንም።

በ1983 ፀሐይ በጨረቃ ስትጋረድ ሰዉ በሩን ቆልፎ፣ መስኮቱን በጨርቅ ደፍኖ፣ ልጆቹን አልጋ ሥር አስገብቶ ዋለ። ማክ ሎንግ ተማሪዎቻቸውን ሰብስበው ጀርባቸውን ለፀሐይ እንዲሰጡ አደረጉ፤ በብስኩት ካርቶን ላይ በበሷት ቀዳዳ በኩልም የተገመሰችውን ፀሐይ ወረቀት ላይ አሳዩአቸው። ዓይኑን ያመመው ልጅ አልነበረም። በማግስቱ ወላጆች ትምህርት ቤቱን አጨናነቁት። ማክ ሎንግ ከእያንዳንዳቸው ጋር ሲከራከሩ ድምፃቸው ተዘጋ፤ መናገር ሲያቅታቸው ተቀምጠው የመጀመሪያ መጽሐፋቸውን ጻፉ።

በ1986 ከሦስት የሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር ይህን ማኅበር መሠረቱ። ቢሮው ከአንድ የፓስታ ሾርባ ቤት በላይ ያለች ክፍል ነበረች፤ የመጀመሪያዎቹ መጻሕፍታችን ዛሬም ድረስ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት የሚሸቱት ለዚህ ነው። ማኅበሩ የእንጋንግን ወፍ ስም ለምን እንደያዘ የተጠየቁት ማክ ሎንግ «አፉ ትልቅ ነው፣ ዝምም አይልም፤ እኛን ይመስላል» ብለዋል።

በ1991 ስለ ሳተላይቶች «ከጣሪያችን በላይ የሚያልፈው» የተባለውን፣ በ1997 ደግሞ «ቁጭ ብለን ስንሮጥ» የተባለውን መጽሐፋቸውን አወጡ። ሁለተኛው ስለ ምድር መሽከርከርና ስለ ሮኬቶች ነው። በምድር ወገብ ላይ የሚኖር ሰው ቁጭ ባለበት ከማንም ሰው ይበልጥ በፍጥነት እንደሚጓዝ፣ ሮኬት የሚያመጥቁ አገሮችም ይህን ፍጥነት ፈልገው ወደ እኛ መሥመር ጠጋ ለማለት እንደሚጥሩ በዚህ መጽሐፍ ያልተማረ የፖንቲያናክ ልጅ የለም። አንዳንዶች ማክ ሎንግን የከተማውን ኩራት የነጠቁ አድርገው ሲያወሩ ስለምንሰማ፣ ይህን መጽሐፍ አንድ ጊዜ ገለጥ እንዲያደርጉት በትሕትና እንጠይቃለን።

ስለ አሠራራቸውም አንድ ነገር ማለት ይገባል። ማክ ሎንግ ረቂቃቸውን የሚያነቡት በወንዙ መሻገሪያ ጀልባ ላይ፣ ከትምህርት ቤት ለሚመለሱ ልጆች ነበር። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲያነቡ አንድ ልጅ ዓይኑን ወደ ውኃው ከመለሰ፣ በዚያች ቅጽበት የተነበበው ዓረፍተ ነገር ይሰረዛል። ልጁን አይቆጡትም። «ወንዙ ከበለጠኝ ወንዙ ትክክል ነው» ይላሉ። አርታኢዎቻችን በዚህ ምክንያት ያጣናቸውን ያማሩ ዓረፍተ ነገሮች እያነሱ እስከ ዛሬ ይቆጫሉ።

በ2006 «ጥላ የሌለበት ቀን» ታተመ። ሥዕሎቹን የሠሩት ባልደረባችን ቦንግ ሱይ ኪም ናቸው።

መጽሐፉ ስለ እኛው በዓል ነው። በማርችና በሴፕቴምበር ፀሐይ አናታችን ላይ ቀጥ ትልና የቆመ ነገር ሁሉ ለጥቂት ደቂቃ ጥላውን ያጣል። ያን ዕለት ከተማው እንቁላል ይዞ ወደ ምድር ወገብ ሐውልት ይወጣል። እንቁላል በዚያች ሰዓት፣ በዚያች መሥመር ላይ ብቻ ቀጥ ብሎ እንደሚቆም ከእናት ጡት ጋር የጠባነው ነገር ነውና። በድምፅ ማጉያ ሕዝቡን የሚመሩትና እንቁላሉንም የሚሸጡት «ፓክ ንጋህ»፣ ማለትም መካከለኛው አጎት፣ የምንላቸው ሳብራኒ ናቸው፤ የማክ ሎንግ የልጅነት ጓደኛ፣ ቤቶቹን ከሚያገናኘው የእንጨት መተላለፊያ ማዶ ያሉ ጎረቤታቸው። ማክ ሎንግም በየሳምንቱ እንቁላል የሚገዙት ከእርሳቸው ነበር።

እንዲወጣ የተጠየቀው ገጽ ሙሉ ቃል የሚከተለው ነው፦

«እንቁላሉን በወፍራም ጎኑ አቁሙት። ይወድቃል። አትናደዱ። ቅርፊቱን በጣታችሁ ዳብሱት፤ ለስላሳ ይመስላል እንጂ ጥቃቅን ጉብታዎች አሉት። ሦስት ጉብታዎች እንደ ጉልቻ እስኪሸከሙት ድረስ ቀስ እያላችሁ አዙሩት። ወለሉ እስኪረጋ ጠብቁ። አሁን እጃችሁን ልቀቁ። ዛሬ ጥላችሁን የወሰደችው ፀሐይ ናት። እንቁላሉን ያቆማችሁት ግን እናንተ ናችሁ። ነገም ሞክሩት።»

ነገሩን ሁሉ ያመጣችው የመጨረሻዋ ቃል ናት። ነገም ከቆመ በዓሉ ምን ሊሆን ነው ተባለ። መጽሐፉ ከተማውን ያዋርዳል ያሉ ነበሩ፤ ከሁሉ ጎልቶ የተሰማው የፓክ ንጋህ ሳብራኒ ድምፅ ነው፤ ማጉያው በእጃቸው ነበርና። ከበዓሉ በኋላ ማክ ሎንግ ቤት በር ላይ ቆመው የተናገሩትን ጎረቤት ሁሉ ሰምቶታል።

«አንቺ ሴትዮ፣ ስንት ዓመት ያቆምኩትን እንቁላል በአንድ ገጽ ልትጥዪብኝ ነው?»

«ያቆምከው አንተ ነህ አልኩ እንጂ ሌላ ምን አልኩ?»

«መሥመሩ ነው የሚያቆመው።»

«መሥመሩማ አንድ ቀን መጥቶ ሂሳቡን ይጠይቅሃል። ነገ ና፤ እዚሁ ወለሌ ላይ ሞክረው።»

ፓክ ንጋህ በማግስቱ አልሄዱም። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታትም ከበዓሉ ቀን ውጭ እንቁላል ለማቆም ሞክረው እንደማያውቁ ራሳቸው መስክረዋል። ማክ ሎንግ መተላለፊያው ላይ ተቀምጠው ለልጆች ሲያቆሙ ፓክ ንጋህ ፊታቸውን አዙረው ያልፋሉ። ማክ ሎንግ ታዲያ «ሳብራኒ፣ የዛሬው እንቁላልህ ጥሩ ነው፣ ቀጥ ብሏል» ማለታቸውን አይተዉም። እንቁላል መግዛታቸውንም አልተዉም፤ መሸጣቸውንም ፓክ ንጋህ አልተዉም።

መጽሐፉ በዚህ ገጽ ምክንያት ለዓመታት ትምህርት ቤት ሳይገባ ቆየ። ባለፈው ወር የመጻሕፍት መራጮቹ ገጹ ከወጣ ሌላው ሁሉ ይግባ ሲሉ ማኅበራችን ለሁለት ተከፈለ። ይህን መደበቅ አያስፈልግም። በላይኛው ወንዝ ያሉ፣ አንድ የሳይንስ መጽሐፍ እንኳ የሌላቸው ትምህርት ቤቶች ጉዳይ ቀልድ አይደለም። ማክ ሎንግ ሕመሙ ጠንቶባቸው ሳለ በጀልባ ተጭነው ወደ ስብሰባው መጡ። ሱይ ኪም አጠገባቸው ተቀምጠው ለመኗቸው።

«ማክ ሎንግ፣ አንድ ገጽ እኮ ናት። የቀረው መጽሐፍ በየክፍሉ ይገባል። የሣልኳት እኔ ነኝ፤ ካስፈለገ እኔው ልቅደዳት።»

ማክ ሎንግ ትንፋሻቸውን ሰብስበው መለሱ። «ሱይ ኪም ልጄ፣ ሥዕልሽ ያሳዝነኛል፤ እሱን አይደለም የምልሽ። ያ ልጅ እንቁላሉን ያቆመው መሬቱ ነው ብሎ ያድጋል። ነገ ሮኬት ሲያይ ደግሞ ሌላ አገር ነው የሠራው፣ ሌላ ሰው ነው የሠራው፣ እኔ ምን አገባኝ ይላል። እጁ የሠራውን ለሌላ የሚሰጥ ልጅ አሳድጌ መሞት አልፈልግም።» ከዚያም ሁላችንንም አዩንና «እኔ እያለሁ አይወጣም። ከኔ በኋላ ማኅበሩ የእናንተ ነው፤ የመሰላችሁን አድርጉ» አሉ። «የመሰላችሁን አድርጉ» ሲሉን በጣም ከፋን። አይሆንም ብለው ቢገዝቱን ይቀለን ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት በለቅሶው ቤት የሆነውን እዚህ የምናሰፍረው ውሳኔያችን የመጣው ከዚያ ስለሆነ ነው።

አስከሬናቸው በፊተኛው ክፍል በባቲክ ጨርቅ ተሸፍኖ ነበር። ሴቶች ያሲን ይቀራሉ። ጎረቤቱ እንደ ልማዱ ሩዝ፣ ስኳርና እንቁላል ይዞ ይገባል፣ ይወጣል። ፓክ ንጋህ ሳብራኒም እንቁላል ይዘው መጡ። ለማንም ሳይሰጡ ግድግዳው ሥር ወለሉ ላይ ተቀመጡ፤ ካመጡት አንዱን አነሱና በወፍራም ጎኑ አስቀመጡት። ወደቀ። እንደገና አስቀመጡት። በውኃ ላይ የቆመ የሳንቃ ወለል ሰው በተራመደ ቁጥር ይንቀጠቀጣል፤ ስለዚህ ደግሞ ወደቀ። ሐዘን ያናወዛቸው የመሰላቸው ሰዎች እጃቸውን ይዘው ሊያስነሷቸው ሞከሩ። ፓክ ንጋህ ቀና ሳይሉ «ተዉኝ፤ ነገ ና ብላኝ ነበር» አሉ።

የማክ ሎንግ ልጅ ሐስሙና ይህን ሰማች። ከእናቷ ራስጌ ሳትነሳ «እባካችሁ ለአንድ አፍታ ማንም አይራመድ» አለች። የቆመው በቆመበት ቀረ። ሻይ ይዛ የነበረችው ሴት ትሪውን እንደያዘች ቀጥ አለች። መተላለፊያው ላይ ያሉት ለሚመጣው ጀልባ በእጃቸው ምልክት ሰጡ፤ ነጂው ለምን እንደሆነ ሳያውቅ ሞተሩን አጠፋ። ፓክ ንጋህ እንቁላሉን አዞሩ፣ ትንሽ አዞሩ፣ ጠበቁ፣ ከዚያ እጃቸውን ለቀቁ።

ቆመ።

ፓክ ንጋህ ለረዥም ጊዜ አዩት። «ዛሬ ማክሰኞ ነው» አሉ። ቀጥለው እንደ ሕፃን አለቀሱ፤ እኛም አብረን አለቀስን።

እንቁላሉ አስከሬኑ እስኪነሳ ድረስ ቆሞ ነበር። ተሸካሚዎቹ ገብተው ቃሬዛውን ሲያነሱ ወለሉ ተናወጠና ዘመም አለ፤ ፓክ ንጋህ ሳይሰበር በመዳፋቸው ያዙት። እስከ መቃብሩ ድረስ በእጃቸው ይዘውት ሄደዋል። ከዚያ በኋላ ምን እንዳደረጉት አልጠየቅናቸውም።

በማግስቱ ረቡዕ ማኅበሩ አስቸኳይ ስብሰባ አድርጓል። ገጿ እንድትወጣ ድምፅ ለመስጠት አስበው የነበሩ አባላት ሁሉ ሐሳባቸውን አንስተዋል፤ መጀመሪያ እጃቸውን ያወጡት ሱይ ኪም ናቸው። በዚህም መሠረት የእንቁላሉ ገጽ ከ«ጥላ የሌለበት ቀን» አይወጣም። «ነገም ሞክሩት» የሚለው ቃልም አይነካም። በዚህ ውሳኔ ምክንያት መጽሐፉ ወደ ትምህርት ቤቶቹ ላይገባ እንደሚችል እናውቃለን፤ ዋጋውን የሚከፍሉት ልጆች ስለሆኑም ቀላል አድርገን አላየነውም። ካልገባ በየመንደሩ በጀልባ እንወስደዋለን፤ በመሻገሪያው ላይ ድምፃችንን ከፍ አድርገን እናነበዋለን። ማክ ሎንግም ሲያደርጉ የኖሩት ይህንኑ ነው።

ፓክ ንጋህ ሳብራኒ በስብሰባው ላይ በእንግድነት ተገኝተው በሴፕቴምበሩ በዓል ገጹን በድምፅ ማጉያ ራሳቸው እንደሚያነቡ ቃል ገብተዋል። እንቁላል መሸጡን ይተዉ እንደሆነ ሲጠየቁ «ለምን ብዬ? ድሮ ለማቆሚያ የምሸጠው በዓመት ሁለት ቀን ብቻ ነበር፤ አሁን ዓመቱን ሙሉ ይቆማል ተባለ እኮ» ብለዋል። ማክ ሎንግ ይህን ቢሰሙ ኖሮ ሳቃቸው ከወንዙ ማዶ ይሰማ ነበር። እኛም ሳቅን፤ ወዲያው ደግሞ አለመኖራቸው ትዝ አለን።

ለልጃቸው ለሐስሙናና ለልጅ ልጆቻቸው፦ እናታችሁን ከእናንተ ጋር ስንሻማ ኖረናል፤ ሐዘኑንም ብቻችሁን አንተውላችሁም። ለመሻገሪያው ጀልባ ሠራተኞች፦ ማክ ሎንግ ሲያነቡ ሞተሩን ዝግ ስላደረጋችሁላቸው ማኅበሩ ውለታችሁን አይረሳም። ለፓክ ንጋህ ሳብራኒ፦ የልጅነት ጓደኛን ማጣት ምን እንደሆነ ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለምና ብርታቱን ይስጥዎ። ለአንባቢ ልጆች፦ ማክ ሎንግ ሞተዋል፤ ይህን ከእናንተ የምንደብቀው ነገር አይደለም፤ መጻሕፍታቸው ግን እጃችሁ ላይ ናቸው። አላህ ማረፊያቸውን ጀነተል ፊርዶስ ያድርግላቸው።

የአርባ ቀን ዱዓቸው ቅዳሜ ጁን 21 ቀን 2025 በቤታቸው ይደረጋል። መራጮቹን ጨምሮ ሁላችሁም ተጋብዛችኋል። እንቁላል ይዛችሁ ኑ፤ ፓክ ንጋህ በር ላይ ይሸጣሉ። ያ ቀን ፀሐይ ከመሥመራችን እጅግ የምትርቅበት፣ የቀትር ጥላም ከሁሉ ቀን የሚረዝምበት ነው። ጥላችሁ አብሯችሁ ይቀመጣል። እንቁላሉ እስኪቆም ድረስ ማንም አይራመድም።

የእንጋንግ የልጆች የሳይንስ መጻሕፍት ማኅበር
ፖንቲያናክ፣ ሐሙስ ሜይ 15 ቀን 2025